ከመጣህ በባህር ና

ባለቤቴ አንስጋር ዕድሜውን በሙሉ ትሮንድሄም በሚባል ከተማ የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በቀጠሮ አክባሪነቱ ይታወቃል። የማያውቃት ሴትዮ ደውላ «ማድቤቴ በውሃ ሊጥለቀለቅ ነው» ካለችው የጀመረውን ምሳ ትቶ ይነሳል። ለሰው ውሃ እንዲህ የሚቸኩል ሰው ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን እንደ እሱ ያለ ዳተኛ አይቼ አላውቅም። እኔ ቱርዲስ እባላለሁ፤ ሚስቱ ነኝ፤ የምናገረውን አውቃለሁ።

ጓሯችን ውስጥ አንዲት የሸራ ጀልባ ነበረች። ልጃችን ሳትወለድ ነው የገዛት። ልጃችን ተወልዳ፣ አድጋ፣ አግብታ ከቤት ስትወጣም ጀልባዋ እዚያው በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆማለች። አንስጋር በየጸደዩ ላስቲኳን ይገፍላታል፣ ይፍቃታል፣ ቀለም ይቀባታል። «በሚመጣው በጋ ወደ ቤት እንሄዳለን» ይላል። በጋው ሲመጣ ታዲያ አንድ ነገር አይጠፋም። አንዴ ምሰሶው ነው፤ አንዴ መሪው ነው፤ አንዴ ደግሞ የራሱ ወገብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት የኛ ጀልባ ናት። ጎረቤቶቻችን ለእንግዳ አድራሻ ሲሰጡ «ጀልባዋን ስታገኙ ወደ ግራ ታጠፉ» ይሉ ነበር። አንድም ቀን ተነስታ ትሄዳለች ብለው አልሰጉም።

ወደ ቤት የሚለው ሼልቪካን ነው። ሼልቪካ በአገራችን ሰሜናዊ ጫፍ ያለች፣ ዛፍ የማይበቅልባት የባህር ዳርቻ ከተማ ናት። ከተማ ናት እንበል እንግዲህ፤ መንደር ካልናት ተወላጆቿ ይቆጣሉ። አንስጋር እዚያ ከታላቅ ወንድሙ ከኢንግቫልድ ጋር፣ አባታቸው አርጅተው ባስረከቧቸው ጀልባ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ክረምት፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከጥልቁ ወደ ዳር ገፍቶ በሚመጣበትና ሰው እንቅልፍ በሚያጣበት ሰሞን፣ አንስጋር ጓንቱን አውልቆ አስቀመጠና ወደ ደቡብ በሚሄደው መርከብ ተሳፈረ። ብርዱ ይሁን፣ የዓሣው ሽታ ይሁን፣ የወንድሙ ዝምታ ይሁን፣ የቱ እንዳባረረው ለኔም በወጉ ነግሮኝ አያውቅም። ለሁለት የሚጎተተውን መረብ አንድ ሰው አይጎትተውም። ኢንግቫልድ ያን ዓመት ባዶ እጁን ቀረ።

እኔን ባገባ በዓመቱ አባትየው ሞቱ። አንስጋር በአውሮፕላን ሄዶ፣ በኪራይ መኪና ደርሶ አባቱን ቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ ኢንግቫልድ በሰው ፊት፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «በባህር ነው የሄድከው። ሁለተኛ ከመጣህ በባህር ና» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን የሐዘን ቃል ነው፣ የንዴት ቃል ነው ብሎ ይተወዋል። አንስጋር ግን ሕግ አደረገው። ጀልባዋን የገዛው ከዚያ እንደተመለሰ ነው። ለገና ደውልለት እለዋለሁ፤ «ስልክ ባህር ነው እንዴ?» ይለኛል። የልጃችንን ፎቶ ላክለት እለዋለሁ፤ «ይዤለት እሄዳለሁ» ይላል። ማታ ማታ ሬዲዮ ለዓሣ አጥማጆች የባህሩን ጠባይ ሲናገር፣ ጀልባው ጓሮ ውስጥ የቆመችበት ሰውዬ ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። የሰሜኑ ጫፍ ሲጠራ እኔም ልጄም ትንፋሽ ማሰማት አይፈቀድልንም። ሬዲዮው ሲያበቃ «ማዕበል ነው ዛሬ እነሱ ጋ» ይልና ሾርባውን ይቀጥላል። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት በጸደይ ማግንሂልድ የምትባል ሴት ከሼልቪካ ደወለች። የኢንግቫልድ ጎረቤት ናት። እሱ ሚስት ስላላገባ ሾርባ የምታደርስለትም፣ የምትቆጣውም እሷ ናት። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የኢንግቫልድ ዓይን ሊጠፋ ትንሽ እንደቀረው፣ በዚያ ላይ ደረጃ ላይ ወድቆ እንደነበር ነገረችኝ። የከተማው አስተዳደር በበጋው መጨረሻ ወደ አዛውንቶች መኖሪያ ሊወስደው ነው። መኖሪያው ተራራ ተሻግሮ፣ ባህር ከማይታይበት ቦታ ነው። ቤቱ ይዘጋል። «ወንድሙን በቤቱ ማየት ከፈለገ አሁን ይምጣ። እዚያ ከገባ በኋላ ኢንግቫልድን አያገኘውም፤ አንድ ሽማግሌ ነው የሚያገኘው» አለችኝ።

ለአንስጋር ነገርኩት። ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳየው ጀልባዋን እየዞረ በመዳፉ ይነካካታል። በማግስቱ ክሬን ጠራ።

እኔ ያኔ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ለሥራ ጓደኞቼ በሸራ ጀልባ ወደ ሰሜን ለዕረፍት ልንሄድ ነው አልኳቸው። ቀኑብኝ። አንዷ የፀሐይ ባርኔጣ ገዝታ ሰጠችኝ።

ዕረፍት ብሎ ዝም። የመጀመሪያው ጠብ በአይብ ነው። እኔ ያለ ቡናማ አይብ ቁርስ አልበላም፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። የሰሜን ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ቡናማ አይብ ጀልባ ላይ ከወጣ ዓሣው ይሸሻል፣ ንፋሱ ይከፋል ብለው ያምናሉ። ዓሣ እንደማናጠምድ ነገርኩት። «አይብ ጭኜ ኢንግቫልድ ፊት አልቀርብም» አለኝ። ካልሲ ውስጥ ደበቅሁት። ምን ፈልጎ ካልሲዬን እንደበረበረ እንጃ፤ አገኘውና ወደ ባህር ወረወረው። ያልተነካ ሙሉ አይብ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ደግሞ ዙሩ አለ። ወደብ ሲገባም ሲወጣም ጀልባዋን በፀሐይ አዟዟር አንዴ ሳያዞራት አይሆንለትም፤ ይኼም የአያቶቹ ነው። መኪና የሚያመላልሰው መርከብ ጡሩንባውን እየነፋብን፣ የወደቡ ሰው ሁሉ እያየን፣ እኛ መግቢያው ላይ እንደ ዞረባት ዶሮ እንሽከረከራለን። እኔ አፍሬ ካቢን እገባለሁ፤ እሱ ግን ቁርባን እንደሚቀበል ሰው ፊቱን አኮስትሮ መሪውን ይዟል።

ጉሙ ሌላ ነው። ሲወርድብን የራሳችን ምሰሶ ጫፍ አይታየንም፤ ባገኘነው ወደብ ተሸጉጠን እስኪነሳ እንጠብቃለን። ሞተሩም አንድ ሐሙስ የቀረው ሞተር ነው። አንድ ቀን ንፋስ በሌለበት፣ ባህር መሃል ቀጥ አለ። ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ሰዎች አይተውን መጡና ገመድ እንወርውርላችሁ አሉን። አንስጋር እጁን ለምስጋና አነሳና አያስፈልግም አላቸው። ሰዎቹ ከሱ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ምን ብዬ ልያቸው? ሲሄዱ፣ «በሰው ጅራት ተጎትቼ ሼልቪካ አልገባም» አለኝ። ያን ቀን እሱ ቱቦ እየፈታ፣ እኔ ማዶውን እያየሁ ስንዋልል ዋልን። ማዶው ላይ መንገድ ነበር። መንገዱ ላይ አውቶቡስ ያልፋል።

አውቶቡሱ ጠላቴም ወዳጄም ሆኖ ነበር። በየወደቡ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፤ በየማቆሚያው ቆሜ ሰሌዳውን አነባለሁ። ተሳፍረን ብንሄድ ማታውን ሼልቪካ እራት እንበላለን። ይኼን ስለው አንስጋር አይቆጣም፤ እንደማይሰማ ሰው ይሆናል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ እየተንፏቀቅን ግሮይ የምትባል ደሴት ደረስን። ከግሮይ ሼልቪካ በደህና ንፋስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እዚያ ሳለን ማግንሂልድ ደወለች። መኖሪያው ውስጥ አንድ አዛውንት ስለሞቱ ክፍሉ ቀድሞ ተለቋል፤ ኢንግቫልድን በዚሁ ሳምንት ይወስዱታል። የበጋው መጨረሻ የሚባል ነገር ቀረ።

በማግስቱ ንፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ልክ ከጀርባችን መጣ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ባህሩ ለጥ ብሏል። አጠገባችን ያደሩት ጀልባዎች ሸራቸውን ዘርግተው ተራ በተራ ወጡ፤ እየወጡም እጃቸውን አወዛወዙልን። አንስጋር የሞተሩን የውሃ መግፊያ ፈትቶ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶታል። ትናንት ሲሠራ የዋለውን! ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላል። ማታ ገጠመው። በነጋታው ንፋሱ እንደዚያው እየነፈሰ፣ እሱ እንደገና ፈታው።

እኔ በጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ ዘመኔን ፈጅቻለሁ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዜና ካላለቀ አልወርድም የሚለውን፣ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ የሚያስረውን፣ ደረጃው ላይ ሲደርስ ጥርሴ ተሻለኝ ብሎ የሚመለሰውን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ። ስንቱን በምክር፣ ስንቱን በቁጣ አስገብቻለሁ። የገዛ ባሌ ስለሆነ ብቻ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳላውቀው መኖሬ አበገነኝ። ምሰሶው፣ ቀለሙ፣ ወገቡ፣ ሁሉም ፍርሃት ነበር ለካ። ሰውዬው ወንድሙን ፈርቶ ነው ጀልባ ሲቀባ ያረጀው።

ፊቱ ቆምኩ። «አንስጋር፣ ይኼ ነገር አልተበላሸም» አልኩት።

«ድምፁ አላማረኝም።»

«ድምፁ ያላማረህ የወንድምህ ነው። ገና አፉን ሳይከፍት።»

ብሎኑን መወልወሉን አላቆመም። ቀና ሳይል፣ «ምን እለዋለሁ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን እለዋለሁ?» አለ።

እውነት ለመናገር አላውቅም ነበር። ግን የማላውቀውን ነገር ቁጭ ብዬ ላስብለት የምችልበት ትዕግሥት አልቆብኛል።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? አይቤን ጣልክብኝ፣ ቻልኩ። በየወደቡ በሰው ፊት አሽከረከርከኝ፣ ቻልኩ። ሰውዬው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ከደረስን ግን አንተን አልችልህም። አሁን ግጠመው።»

መልሱን አልጠበቅሁም። ወደ ፊት ሄጄ የፊተኛውን ገመድ ፈታሁ፤ ዞሬ የኋለኛውንም ፈታሁ። ጀልባዋ ከመታሰሪያዋ ስትርቅ ምን ምርጫ አለው? ብሎኖቹን ኪሱ ጨምሮ ሸራ መስቀል ጀመረ። ሞተር ሳይኖረን፣ ወደቡ አፍ ላይ፣ በሸራ ብቻ ያችን ዙሩን ዞራት። አልተናገርኩትም፤ መሄዳችን በቅቶኛል።

ሼልቪካ ስንደርስ አመሻሽ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን በዚያ ወቅት አትጠልቅምና ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል። የዓሣ ፋብሪካው በር በሳንቃ ተመትቷል። ከቤቶቹ ግማሹ መጋረጃ የለውም። አንስጋር ጀልባዋን በፀሐይ አዟዟር አንዴ አዙሮ አሰራት። ወርዶ የተቀበለን ሰው የለም፤ ከየመስኮቱ እየታየን እንደሆነ ግን አልጠፋኝም። አንስጋር ካቢን ገብቶ ተላጨ፤ ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፤ ጸጉሩን በውሃ አበጠረ። አንገትጌውን አስተካከልኩለት።

ቤቱ ቢጫ ነው፤ ከወደቡ ከፍ ብሎ ብቻውን ቆሟል። አቀበቱን ወጣነው። አንስጋር በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አንኳኳ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አንኳኳሁ» አለ።

«ታዲያስ? በር እኮ ነው።»

«እዚህ አይንኳኳም» አለኝ በሹክሹክታ።

ሼልቪካ ውስጥ የሚያንኳኩት ቄሱና ግብር ሰብሳቢው ናቸው፤ ከደቡብ የመጣ ነጋዴም ያንኳኳል። ዘመድና ጎረቤት በሩን ከፍቶ ይገባል፤ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ «ወደ ውስጥ ግባ» እስኪለው እዚያው ይቆያል። አንስጋር ይኼን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ግን ዕድሜውን ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን አንጠልጥሎ የማያውቀውን ሰው በር ሲመታ የኖረ እጅ ነውና፣ ሳያዘው የለመደውን ሠራ።

«ይሁን፣ አሁን ክፈትና ግባ» አልኩት። አይሆንም አለ። ያንኳኳ ሰው ዘው ብሎ ከገባማ ከባዕድም የባሰ ባለጌ ነው። ያንኳኳ ሰው እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ጠበቅን። ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በሩ አልተቆለፈም፤ ነፋስ ሲነካው ገርበብ ይል ነበር እንኳ። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ አንስጋር ክንዴን ያዘኝ።

«ያንቺ ወንድም አይደለም» አለና ዞሮ ቁልቁለቱን ወረደ።

ደጁ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ሁሉ ባህር አቋርጦ የመጣ ሰው ያልተቆለፈ በር መለሰው። በሩን በእግሬ ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጀልባዋ ጋ ከተመለስን በኋላ ማግንሂልድ የተጠበሰ ዓሣ በሰሃን ይዛ ወረደች። የወንድ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ደንዳና ሴት ናት። አንስጋርን በዓይኗ ገርመም አድርጋ ሰሃኑን ለኔ ሰጠችኝ።

«ስሚ እቱ፣ ይኼ ባልሽ ምን ነክቶት ነው የሚያንኳኳው?»

ከተራራው አፍንጫ ብቅ ካልን ጀምሮ እሷ መስኮት ላይ ቆማ ለኢንግቫልድ ስትነግረው ነበር። ሸራው እንዲህ ነው፣ ሁለት ሰው አለ፣ አንዷ ሴት ናት እያለች። ከመታሰራችን በፊት በፀሐይ አዟዟር ዞሩ ስትለው ኢንግቫልድ «የኔ ሰው ነው» አለ። ተነስቶ የበዓል ሹራቡን ለበሰ፤ ገልብጦ ለብሶት እሷ አወለቀችና መልሳ አለበሰችው። ሁለት ሰሃን አወጣች። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ፊቱን ከበሩ አዞረ» አለች ማግንሂልድ። «'ለጉዳይ የመጣ ሰው ነው፤ ውሃ ከፈለጉ ወደቡ ላይ ቧንቧ አለ በያቸው' አለኝ። 'ወንድምህ ነው እኮ፣ አንተ ደረቅ' ብለው 'ወንድሜ በሩን ያውቀዋል' አለኝ።»

አንስጋር ከካቢኑ ውስጥ ሁሉንም ሰምቷል። «ግባ ቢለኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«አንተስ ብትገባ ምን ነበረብህ?» አለችው ማግንሂልድ። ኢንግቫልድን የሚወስደው መኪና ነገ ከምሳ በፊት እንደሚመጣ ነግራን ሰሃኗን ሳትወስድ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አፌ ተከፈተ። በነገው አውቶቡስ ወደ ቤቴ ነኝ አልኩት። አንተ እዚህ ሆነህ አንኳኳ፣ እሱም እዚያ ሆኖ ጀርባውን ይስጥህ፣ ስትሞቱ ትከፋፈታላችሁ አልኩት። ክፉ ንግግር ነው፤ አውቃለሁ። አንስጋር አንገቱን ደፍቶ ዓሣውን በላ። በዚያች ሰዓት ጠላሁት ብል አልዋሸሁም። አሳዘነኝም። መጥላትና ማዘን አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ይደክማል፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አንስጋር የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ውሃ መግፊያውን ይገጥማል። ባህሩ ሲሞላ እንወጣለን አለኝ። ቦርሳዬን ወደቡ ላይ አስቀምጬ ቀና ስል፣ አንድ ነጭ መኪና በባህሩ ዳር መንገድ እየተጠማዘዘ ይመጣል። ልነግረው አልኩና ተውኩት። ስንቱን ልንገረው? እሱ ግን ሰምቷል፤ ሼልቪካ ውስጥ የመኪና ድምፅ ብርቅ ነው። ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። መኪናው አቀበቱን ወጥቶ ቢጫው ቤት ደጅ ሲቆም አየ።

ጨርቁን ጥሎ ወደቡ ላይ ዘለለ። ሮጠ አልልም፤ ጉልበቱ አይፈቅድለትም። ግን አንስጋር ለማንም ሰው ቧንቧ እንደዚያ ሲጣደፍ አላየሁም። ቦርሳዬን እዚያው ትቼ ተከተልኩት።

ደጁ ላይ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ወጣት ሴት ቆማለች፤ የአዛውንቶቹ መኖሪያ ሠራተኛ ናት። አንኳኩታ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። አንስጋር ይቅርታ እንኳ ሳይላት በአጠገቧ አልፎ በሩን ከፈተና ገባ። በሩን አልዘጋውም። እጁ በዘይት እንደተነከረ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ኢንግቫልድ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ካፖርቱን ለብሷል፤ ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። ከካፖርቱ ሥር የበዓል ሹራቡ ይታያል፤ ከትናንት ጀምሮ አላወለቀውም። ፊቱን ወደ በሩ አላዞረም። እንደገና ሊጠባበቁ ነው አልኩ። ሠራተኛዋ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት።

ኢንግቫልድ የዘይቱን ሽታ በአፍንጫው ሳበ።

«ሞተሩ ያስቸግራል?» አለ።

«ውሃ መግፊያው ነው» አለ አንስጋር።

«የኛም የዱሮው እሱ ነበር ችግሩ።»

«እሱ ነበር።»

አንስጋር ቆቡን አገላበጠ። «በባህር መጣሁ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ሰምቻለሁ» አለ ኢንግቫልድ። «ብዙ ቆየህ።»

«ብዙ ቆየሁ።»

ኢንግቫልድ እጁን ወደ ደረቱ ሰዶ የካፖርቱን ቁልፎች በዳበሳ ፈታቸው፤ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጣለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ወደ ውስጥ ግባ» አለው።

ሠራተኛዋ ከኔ እጅ ወጥታ፣ የሚጠብቋት ሌሎች ሰዎች እንዳሉ፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነ በትህትና ተናገረች። ኢንግቫልድ ወደ እሷ እንኳ አልዞረም። «ትጠብቅ» አለ። «ቤቴ ሰው ገብቷል።»

በሩን ዘጋሁላቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከታች አውቶቡሱ ቆሞ፣ ቦርሳዬ አጠገብ ትንሽ ጠብቆ፣ ሰው ሲያጣ ሄደ። ሠራተኛዋ አጠገቤ ቆማ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ «ብዙ ይቆያሉ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «እኔ እነዚህን ሰዎች ስጠብቅ አርጅቻለሁ። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ትንሽ ጠብቂ።»